ሃያ አራት ጠብ በሩብ ዓመት

ከኮሚቴዎች ሁሉ እንደ ዕርቅ ኮሚቴ የተከበረና የተባረከ፣ ማኅተሙም እንደሱ የደመቀ የለም። ይህን የማያምን ሰው ካለ ወይ ኮሚቴ ገብቶ የማያውቅ ነው፣ ወይ ደግሞ ከሊቀመንበሩ ጋር የተኮራረፈ ነው። ይህ ታሪክ የሆነባት ቤተ ክርስቲያንም አንድ ዕርቅ ኮሚቴ ነበራት፤ ሰባት አባላት፣ ሁለት ማኅተም፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥንና በአራት ቀለም የተሰመረ የግድግዳ ሰንጠረዥ ያለው። ምንም የጎደለው ነገር አልነበረም። የሚታረቅ ሰው ብቻ አልነበረውም።

ጥፋቱ የምእመናኑ ነው። ኮሚቴው ሥራ ይኑረው አይኑረው ሳያስቡ ዝም ብለው ተስማምተው ይኖሩ ነበር። አንዱ ቢታመም ሌላው ሾርባ ይዞ ይሄዳል፤ አንዷ አንድ እሑድ ከቀረች ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰው በሯን ያንኳኳል፤ መሰላል የተዋሰ ሰው መሰላሉን ይመልሳል። ቅር የተሰኘ ካለ እዚያው በር ላይ «ትናንት እኮ ቅር አሰኘኸኝ» ይላል፤ ያኛው «ይቅርታ፣ ልብ አላልኩም» ይላል፤ ተያይዘው ይሄዳሉ። ቅጽ ያልተሞላበት፣ ቃለ ጉባኤ ያልተያዘበት፣ ሊቀመንበር ያልመራው ይቅርታ ምን እንደሚጠቅም እግዜር ይወቀው።

ይህ ጉድ ተሸፋፍኖ ሊቀር አልቻለም። አንድ ቀን ከበላይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣ። «ባለፉት ሦስት ዓመታት በአጥቢያችሁ የተፈጸመው ዕርቅ ብዛት ዜሮ መሆኑን ከላካችሁት ሪፖርት በጥልቅ ሐዘን ተረድተናል» ይላል። «ሌሎች አጥቢያዎች በዓመት እስከ መቶ ዕርቅ በሚያስመዘግቡበት በዚህ ወቅት እናንተ በፍቅር ወደ ኋላ መቅረታችሁ እጅግ አሳስቦናል። በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ እሑድ ተወካያችን በአካል ተገኝተው ዕርቅ ይመለከታሉ።»

ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበቡት። ክፉ ሰው አይደሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አርባ ዓመት ሙሉ በአንድ የዕቅድ ክፍል ውስጥ የሠሩ፣ ከዚያ ወዲህ ዓለምን በሰንጠረዥ ካላዩዋት የማትታያቸው ሽማግሌ ናቸው። ምእመናኑ ከኋላቸው «ጋሼ ዕቅድ» ይሏቸዋል። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ።

«ሃያ አራት ዕርቅ እንፈጽማለን» አሉ።

«በማን መካከል?» አለች የኮሚቴው ጸሐፊ።

«በተጣሉ ምእመናን መካከል።»

«የተጣላ የለም እኮ ጋሼ።»

«እሱ የግብዓት እጥረት ይባላል። የግብዓት እጥረት ደግሞ የሚፈታ ችግር ነው።»

«ሰው እናጣላ ነው የሚሉት?»

«እግዜር አያድርገው። እኛ ሰው አናጣላም። ምእመናን በፈቃደኝነት፣ በጸሎትና በመመሪያ እንዲኮራረፉ ሁኔታዎችን እናመቻቻለን።»

ጸሐፊዋ ይህንን በቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረች፤ ሲጻፍ ደግሞ ሲነገር ከነበረው በላይ አማረ። ቀጥሎ የተነሣው ነጥብ እነማን ይጣሉ የሚለው ነበር። ሊቀመንበሩ በዚህም ላይ ጥልቅ ማብራሪያ ሰጡ። ከማይተዋወቁ ሰዎች ምን የሚረባ ጠብ ይገኛል? ጠብ ክብደት የሚኖረው በሚዋደዱ መካከል ሲሆን ነው። ስለዚህ በአጥቢያዋ ከማንም ይልቅ የሚዋደዱ ሃያ አራት ጥንዶች ተለቅመው ስማቸው ሰንጠረዡ ላይ በቀይ ገባ። መጋቢው የዋህ ሰው ናቸው፤ «ፍቅር» የሚል ቃል ያለበትን ወረቀት ሁሉ ሳያነቡ ይፈርማሉ፣ ይህንንም ፈረሙ። በተራ ቁጥር አንድ ላይ የተጻፉት ልብስ ሰፊውና ሰዓት ሠሪው ነበሩ።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በቤተ ክርስቲያኗ አጥር ላይ ወደ መንገድ በምትከፈት አንዲት ክፍል ውስጥ ዐሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ክፍሏ የቤተ ክርስቲያኗ ናት። መሃል ላይ ደረት የሚደርስ የጣውላ መደርደሪያ ቆሟል። ከወዲህ የልብስ ሰፊው ባለፔዳል መኪና፣ የካውያው ጠረጴዛና የጨርቁ ጥቅል፤ ከወዲያ የሰዓት ሠሪው አምፖል፣ ጉጠቱና በጠርሙስ ክዳን ላይ ያስቀመጣቸው፣ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያህሉ ብሎኖች። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ አብረው ይጸልያሉ፤ ቀትር ላይ አንዱ ዳቦ፣ ሌላው ሻይ በፔርሙዝ ያመጣና በመደርደሪያው ላይ ተደግፈው ይበላሉ። ልብስ ሰፊው ለሰዓት ሠሪው የሠርግ ሱፉን ሰፍቶለታል። ሰዓት ሠሪው ለልብስ ሰፊው የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶታል፤ ይህ ሰዓት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይቀድማል፤ ልብስ ሰፊውም አንድ ቀን አንስቶበት አያውቅም።

ሊቀመንበሩ ቅጻቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ።

«ወንድሞቼ፣ ታላቅ ክብር ገጥሟችኋል። ከአጥቢያው ሁሉ አንደኛ ሆናችሁ ተመርጣችኋል።»

«ለምን?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ለጠብ።»

ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ። ሊቀመንበሩ ሳቁ እስኪያልቅ በትዕግሥት ጠብቀው ነገሩን አብራሩ። መኳረፉ ለሁለት ወር ብቻ ነው፣ ከዚያ መድረክ ላይ በጭብጨባ ይታረቃሉ፣ በክፈፍ የገባ የዕርቅ ምስክር ወረቀትም ይሰጣቸዋል። ልብስ ሰፊው ሊቃወም አፉን ከፈተና የሽማግሌው ዓይን ሲንከራተት አይቶ መልሶ ዘጋው። እምቢ ማለት አይሆንለትም። ደንበኛ ለነገ ጠዋት ሦስት ሱሪ ቢለው እሺ ነው፤ ጎረቤት መኪናህን አውሰኝ ቢለው እሺ ነው። ሚስቱ «አንተ ሰው፣ ቀብርህ ላይ ተነስ ቢሉህም እሺ ትላለህ» ትለዋለች። አሁንም «እሺ» አለ፤ ሰዓት ሠሪውም እሱ እሺ ካለ ብሎ እሺ አለ።

ቅጹን ለመሙላት ቀትር ላይ ዳቦና ሻያቸውን ይዘው መደርደሪያው ላይ ተደገፉ።

«የጠቡ መነሻ ይላል። ምን እንበል?» አለ ልብስ ሰፊው እስክሪብቶውን አዘጋጅቶ።

«መሬት።»

«መሬት የት አለን?»

«እንግዲያው ሴት።»

«ሚስቴ ከሰማች ቅጹንም እኛንም ትቀድደናለች።»

«ሃይማኖትስ?»

«አንድ ወንበር ላይ እየተቀመጥን?»

እንዲህ እየተባባሉ ሻዩ ከአፋቸው እስኪፈናጠቅ ሳቁ። በዚህ ሳቅ መሃል ነው ልብስ ሰፊው ያችን ነገር ያመጣት።

«በቃ ማንጎራጎርህን እንጻፈው።»

«ማንጎራጎሬ ምን ሆነ?»

«ምንም። ለቅጹ ነው። ያው ከጠዋት እስከ ማታ ታንጎራጉር የለ፤ ያውም አንዲት መዝሙር፤ ያውም ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ሁሌ ዜማውን ትስታለህ።»

«ሁሌ?»

«ሁሌ እንኳ አይደለም። ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ።»

ሰዓት ሠሪው የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። «ዐሥራ ስምንት ዓመት እየቻልከኝ ነበር ማለት ነው?»

«ለቅጹ ነው አልኩህ እኮ።»

«እሺ፣ ለቅጹ ከሆነ የኔንም ጻፍ። መኪናህ ጠረጴዛዬን ያንቀጠቅጠዋል። ብሎን ባነሳሁ ቁጥር ይዘላል። እዚህ ወለል ላይ በጉልበቴ እየዳህኩ ስለቅም ያሳለፍኩት ጊዜ ቢደመር አንድ ዓመት ይሆናል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስለምወድህ ነዋ» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ሰው እንደሚሰድብ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«እኔስ ዝም ያልኩህ ስለምጠላህ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው ጠረጴዛውን እየደበደበ። «ያ ሰዓትህ በቀን አምስት ደቂቃ እየቀደመ ስንት ጊዜ ከደንበኛ ጋር ሲያነታርከኝ አንድ ቃል ተናግሬአለሁ?»

«የሰፋህልኝ ሱፍ ብብቱ ጋ እንደሚጠብቀኝስ እኔ ተናግሬአለሁ? በሠርጌ ቀን እጄን ሳላነሳ የዋልኩት ለምን ይመስልሃል?»

በዚያች ክፍል ውስጥ ስለ ፍቅር እንደዚያን ቀን ተጩሆ አያውቅም። ለጠቡ መነሻ የተተወው ሦስት መስመር አልበቃ ብሎ ወደ ቅጹ ጀርባ ዞሩ፤ የጀርባው ሲሞላ ልብስ ሰፊው የመለኪያ ደብተሩን ቀዶ አባሪ አደረገ። በመጨረሻ «የተበዳይ ፊርማ» በሚለው ቦታ ላይ ሁለቱም ፈረሙ። «የበዳይ ፊርማ» የሚለው ባዶውን ቀረ። ሊቀመንበሩ ቅጹን ሲቀበሉ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በአርባ ዓመት የሥራ ዘመናቸው እንዲህ አባሪ ያለው ሰነድ ያቀረበላቸው ባለጉዳይ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የአጥቢያዋ ዕድገት የሚያስደንቅ ሆነ። ኮሚቴው «ኩርፊያን በአግባቡ ስለመያዝ» የግማሽ ቀን ሥልጠና ሰጠ። በማይክሮፎን አያያዝ እንዲጣሉ የተመደቡት ሁለት ዘማሪዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ከማይክሮፎን አልፈው ወደ ዘር ማንዘር ደረሱ። ሁለቱ ዲያቆናት በር ላይ ሲገናኙ አንተ ቅደም፣ የለም አንተ ቅደም እየተባባሉ ይገፋፉ የነበሩት፣ አሁን አንዱ እስኪገባ ሌላው አጥር ዞሮ ይጠብቃል። ማንም ከማንም አጠገብ ስለማይቀመጥ ወንበር አነሰ፤ ሊቀመንበሩም «የምእመናን ቁጥር በመጨመሩ የመቀመጫ እጥረት ተከስቷል» ብለው ሪፖርት ላኩ። የታመመ ሰው ሾርባ ቢጠብቅ የሚመጣለት የለም፤ ጉብኝቱ እስከ ዕርቁ ቀን ተላልፏል።

ኮሚቴውን ግን ያላሰበው ችግር ገጠመው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ቢሮ መጥታ ጠረጴዛውን መታች።

«እኔንም መዝግቡኝ። ከጎረቤቴ ጋር ተጣልቻለሁ።»

«ይቅርታ እህቴ፣ ኮታው ሞልቷል» አለች ጸሐፊዋ።

«እንዴት ይሞላል? እነዚያ በማይክሮፎን ለተጣሉት ቦታ ነበራችሁ። የኔ በደል ከነሱ ያንሳል?»

«ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት እንይዝሻለን። እስከዚያው ቂምሽን አቆዪው።»

በዚህ ሁሉ ልማት መካከል ልብስ ሰፊው እየከሳ ሄደ። ክፍሏ ጸጥ ብላለች። ሰዓት ሠሪው አያንጎራጉርም፣ አያስልም፣ ወንበሩን እንኳ ሲስብ ድምፅ እንዳያሰማ አንስቶ ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት የተመኘውን ዝምታ አገኘ፤ እና መስፋት አቃተው። መጀመሪያ መርፌው ነው አለ፣ መርፌ ቀየረ። ክሩ ነው አለ፣ ክር ቀየረ። ኮሌታው ይጣመማል፣ የሱሪው አንዱ እግር ከሌላው ይረዝማል። አንድ የባንክ ሠራተኛ አዲሱን ኮቱን ለብሶ መስታወት ፊት ቆመና «ይቅርታ፣ እኔ ነኝ የዘመምኩት ወይስ ኮቱ?» ብሎ ጠየቀው። ልብስ ሰፊው ያን ዕለት ነው ነገሩ የገባው። ለካስ እግሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የኖረው በመዝሙሩ ምት ነበር። ሦስተኛው መስመር ላይ ዜማው ሲሳት እሱም አንድ ጊዜ ቆም ይል ነበር፤ ጨርቁን የሚያዞረውም በዚያች ቅጽበት ነበር።

ለሚስቱ ነገራት። «ናፈቀኝ» አላት በአጭሩ።

«ታዲያ ሂድና ታረቀዋ።»

«ቀኑ አልደረሰም እኮ። ገና አምስት ቀን ይቀራል።»

«ሰውዬው ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ነው ያለው» አለችው። «ለሦስት ክንድ ደግሞ የማን ፈቃድ ነው የምትጠብቀው?»

በማግስቱ ቀትር ላይ ልብስ ሰፊው መደርደሪያውን ዞሮ ሄደ። በሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ እግሮች ሥር አራት የታጠፈ ካርቶን አየ፤ መንቀጥቀጡን ለማስቀረት የተደረገ ነው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩት ሰዓቶች ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ።

«አንጎራጉርልኝ» አለው።

ሰዓት ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ አወለቀ። «ሦስተኛው መስመርስ?»

«እሱን በተለይ።»

ሰዓት ሠሪው ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው እግር ሥር አንዱን ካርቶን መዘዘ። «እኔም መኪናህ ካላንቀጠቀጠኝ እጄ ይተኛል» አለ። «ካርቶኑን ካደረግሁ ወዲህ አንድ ሰዓት በትክክል አልሠራሁም።» ከዚያ ተቃቀፉ፤ አለቀሱ፤ የሠርጉ ሱፍ ብብቱ ጋ መጥበቁ ትዝ ብሏቸው ደግሞ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ልብስ ሰፊው ዛሬውኑ አምጣው ብሎ ማለ፣ ሰዓት ሠሪው አሁንማ ወፍሬ ቢሰፋም አልገባበትም አለ፤ ያን ያህል ደስታ በዚያች ክፍል ውስጥ ታይቶ አያውቅም። ዳቦው ተቆርሶ ሻዩ ሲቀዳ ሊቀመንበሩ ለእሑዱ ልምምድ ሊጠሯቸው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ነበር።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አሉ ፊታቸው አመድ መስሎ።

«ታርቀን ነው ጋሼ» አለ ልብስ ሰፊው።

«በማን ፈቃድ?»

«በራሳችን።»

«ያለ ታዛቢ? ያለ ቃለ ጉባኤ?» ሊቀመንበሩ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። «እናንተ እኮ ተራ ቁጥር አንድ ናችሁ። አባሪ ያለው የናንተ ጠብ ብቻ ነው። ተወካዩ የሚመጡት እሱን ሊያዩ ነው። እባካችሁ ልጆቼ፣ እስከ እሑድ ብቻ ተኳረፉልኝ። አራት ቀን ምን አላት?»

ሁለቱ ተያዩ። ለሽማግሌው ክብር ሲሉ ከልባቸው ሞከሩ፤ ጀርባ ለጀርባ ዞሩ። ሰዓት ሠሪው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልብስ ሰፊው አፉን በጨርቅ ያዘ፤ አልሆነም፣ ፈነዱ።

ሊቀመንበሩ ተነሡ። ድምፃቸው የመመሪያ ድምፅ ሆነ። «በአንቀጽ ዐሥራ አንድ መሠረት የዕርቅ ምስክር ወረቀት የሌለው ተጣዪ እንዳልታረቀ ይቆጠራል። ያልታረቀ ደግሞ ኋላ ወንበር ይቀመጣል፣ ወደ ጌታ ማዕድም አይቀርብም። እሑድ ተኳርፋችሁ ቀርባችሁ ትታረቃላችሁ፣ ወይም ታርቃችሁ ያልታረቃችሁ ትሆናላችሁ። ምረጡ።»

ልብስ ሰፊው ጨነቀው። በዕድሜው ሙሉ ያለ ማዕድ ያሳለፈው እሑድ የለም። ወደ ሰዓት ሠሪው አየ፤ ወደ ጠረጴዛው አየ። ከዚያ አፉ ለምዶት የማያውቀውን ቃል አወጣ።

«እምቢ» አለ። ቃሉን ሲሰማው ራሱ ደነገጠ።

እሑድ ሆነ። ተወካዩ በሁለት ረዳት ታጅበው ገቡ። ሊቀመንበሩ ስለ ፍቅር አርባ ደቂቃ ንግግር አደረጉ፤ ከዚያም ሃያ ሦስቱ ጥንዶች በተራ መድረክ ላይ እየወጡ ታረቁ። ዘማሪዎቹ የተቃቀፉት ማይክሮፎኑን በመሃላቸው አድርገው ስለነበር ጥርስ ሲፋጭ አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ዲያቆናቱ ሲጨባበጡ የአንደኛው ጣት ተንቋቋ። ሁሉም ምስክር ወረቀቱን ተቀብሎ በወጣበት ደረጃ ሳይሆን ጓደኛው በማይወርድበት ደረጃ ወረደ። ሊቀመንበሩ ያጨበጭባሉ፣ ጸሐፊዋ ሰንጠረዡ ላይ ታቀልማለች።

ከኋላ ወንበር ግን የታፈነ ሳቅ ይሰማል። ሁለቱ ያልታረቁ ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ አንዲት የመዝሙር ጥራዝ ለሁለት ይዘው ይዘምራሉ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ሁለቱም አውቀው ዜማውን ይስታሉ።

«እነዚያ እነማን ናቸው?» አሉ ተወካዩ።

ሊቀመንበሩ ላብ አጠመቃቸው። ሃያ አራት አቅደው ሃያ ሦስት ማለት ለእሳቸው ከሞት አይተናነስም። «እነዚያ… እምቢ ያሉ ናቸው» አሉ። «ጠባቸው ሥር የሰደደ ነው። አባሪ ሁሉ አለው። ኮሚቴው በጸሎት ይዟቸዋል።»

ተወካዩ ማንንም ሳይጠይቁ ከመድረክ ወርደው ወደ ኋላ ሄዱ። ሁለት እጃቸውን በሁለቱ ትከሻ ላይ አደረጉ። «ወንድሞቼ» አሉ፣ «ስለ ጌታ ብላችሁ ተቃቀፉ።»

«ደስ ይለናል» አለ ልብስ ሰፊው፤ ተቃቀፉም። እንደ ሃያ ሦስቱ አልነበረም። እየሳቁ፣ ጀርባ እየተመታቱ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየረገጠ ነበር። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዋ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዘማሪዎቹ አንዷ ተከተለች፤ ከዚያ ሁሉም አለቀሰ። የዋሁ መጋቢ ብቻ ለምን እንደሚለቀስ በትክክል የገባቸው ይመስሉ ነበር፤ የፈረሙትን ወረቀት ከኪሳቸው አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ ያነቡት ነበርና።

ተወካዩ ግን የተረዱት በራሳቸው መንገድ ነው። መድረክ ላይ ተመልሰው ይህ ዓይነት ተአምር በሥራ ዘመናቸው አይተው እንደማያውቁ መሰከሩ። ሊቀመንበሩ የክብር ዋንጫ ተቀበሉ፤ ሃያ አራት ከሃያ አራት። የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ዕቅድ ወደ አርባ ስምንት ከፍ አለ፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ሁለቱ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ጸልየው ሥራ ጀመሩ። ማክሰኞ ጠዋት ግንበኛ መጣ።

ከግንበኛው ኋላ ሊቀመንበሩ ደብዳቤ ይዘው ነበር። «ይህን የመሰለ ሥር የሰደደ ጠላትነት የነበራቸው ሁለት ወንድሞች በአንድ ክፍል ውስጥ መቆየታቸው ለተገኘው ድንቅ ዕርቅ አደገኛ ሆኖ አግኝተነዋል» ይላል የበላይ ጽሕፈት ቤቱ። «ስለሆነም ፍቅራቸው ዘላቂ ይሆን ዘንድ በመካከላቸው እስከ ጣሪያ የሚደርስ ግንብ በአስቸኳይ እንዲሠራ።»

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ተጣልተን አናውቅም» አለ ልብስ ሰፊው። «እርስዎ ያውቃሉ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ሊቀመንበሩ፤ እውነትም አዝነው ነበር። «ግን ሪፖርት ተደርጓል።»

ግንቡ በአራት ቀን አለቀ። መደርደሪያው ለማገዶ ሄደ። በምረቃው ዕለት ሊቀመንበሩ ግንቡ የአጥቢያዋ አንድነት ሕያው ምስክር መሆኑን አስመልክተው ንግግር አደረጉ፤ ከግንቡ ወዲህ ሲናገሩ ወዲያ ስለማይሰማ ንግግሩን ዞረው ሄደው ደገሙት። ከወዲህ ልብስ ሰፊው ለብቻው አጨበጨበ፣ ከወዲያ ሰዓት ሠሪው ለብቻው አጨበጨበ። ቀትር ላይ ልብስ ሰፊው ዳቦውን ይዞ ግንቡ አጠገብ ቆመ። ሻዩ ከወዲያ ነው። ያን ዕለት ልቡ ክፉኛ አዘነ፤ ዳቦውን ሳይበላ አስቀመጠው።

ቢሆንም ተስፋ አልቆረጡም። በር ላይ ተገናኝተው ማመልከቻ ጻፉ፤ በትሕትና፣ በሦስት ኮፒ። ስለምንዋደድና አብረን ስንሠራ ደስ ስለሚለን በግንቡ ላይ ዳቦና ሻይ የምታሳልፍ አንዲት ትንሽ መስኮት ትፈቀድልን ዘንድ እንለምናለን አሉ። ሁለቱም አመልካች ብለው ፈረሙ።

መልሱ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማኅተሙ ደምቆ፣ ለሁለቱ በሁለት ፖስታ ደረሰ።

«ለመስኮት ያቀረባችሁትን ጥያቄ በጥንቃቄ መርምረነዋል። ሁለት ሰዎች የሚዋደዱ ስለመሆናቸው የሚሞላ ቅጽ በጽሕፈት ቤታችን ስለሌለ ማስረጃችሁን ለመቀበል የተቸገርን መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን። ጠብ ሲኖራችሁ ግን በማንኛውም የሥራ ሰዓት ብቅ በሉ፤ በፍቅር እናስተናግዳችኋለን።»